ቀዩን ልሃፍ አራት ጊዜ የገዛችው ሴት

ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር የማወራው አንድ ታሪክ ነበረኝ። ስምንት ዓመቴ ሳለ አባቴን ከአጭበርባሪ ገዢ እንዴት እንዳዳንኩትና በአንድ ቀን ስድስት ልሃፍ እንዴት እንዳሸጥኩት። ሳወራው ደግሞ አሳምሬ ነው፤ ድምፅ እየቀያየርኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ የቱ ጋ ትንፋሼን ዋጥ ማድረግ እንዳለብኝ ሁሉ አውቃለሁ። ሰው ይስቃል። አባቴም ይስቃል። አክስቴ ናጅያ ብቻ ሁልጊዜ ታሪኩ መሀል ላይ ብድግ ትልና ሳህን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ትገባለች። እኔም፣ ይቺ ሴትዮ እርጅና ተጫጭኗት ጨዋታ አስጠላት እል ነበር። አይ ሞኝነቴ!

እስቲ መጀመሪያ ያኔ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

አባቴ ናዲም በደማስቆ አሮጌው ገበያ፣ ጣሪያ ባለው መስመር፣ ልሃፍ ሰፊ ነበር። ልሃፍ በሱፍ ተሞልቶ፣ ሳቲን ለብሶ፣ አበባና ቅጠል እየተደረገ በእጅ መርፌ የሚሰፋ ከባድ የሙሽራ ብርድ ልብስ ነው። ያኔ ሙሽራ ያለ ልሃፍ ከእናቷ ቤት አትወጣም። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ገበያው የሚጠራው በእኔ ስም ነው፤ አቡ ውዳድ፣ የውዳድ አባት። ይህ ነገር ልቤን ያሳብጠው ነበር። ከፊት ለፊታችን ቅመም የሚሸጡት ሽማግሌ ሐጅ ቡርሃን፣ «አንቺ ልጅ፣ ገበያው በሙሉ ስምሽን ሲጠራ ይውላል፤ ኪራይ አትጠይቂንም?» እያሉ ያሾፉብኛል።

በዚያ መስመር አንድ ደንብ ነበር። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። ጠዋት ሱቁን የከፈተ ሁሉ ትንሽ በርጩማውን ደጃፉ ላይ ያወጣል። የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ ሲሸጥ በርጩማውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በኋላ የመጣበትን ገዢ፣ በርጩማው ገና ደጅ ወዳለ ጎረቤቱ ይልከዋል። «እኔ ዛሬ ቀንቶኛል፤ ያ ወንድሜ ገና ነው፣ ከእሱ ይግዙ» ይላል። ሸጦ በርጩማውን ደጅ የተወ ሰው የጎረቤቱን ጉሮሮ እንደዘጋ ይቆጠራል። ሳይሸጥ ያስገባ ሰው ግን ተሰምቶ አያውቅም። ለምን ብሎ ያስገባል?

ይህን ደንብ አባቴ ከፊደል በፊት ነው ያስተማረኝ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሱፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ፤ የመጀመሪያው ልሃፍ ሲሸጥ በርጩማዋን የማስገባው እኔ ነኝ። በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ የፋብሪካው ብርድ ልብስ መጣ። ቀላል፣ ርካሽ፣ መሀሉ ላይ ነብር የተሳለበት። ሙሽሮች በነብሩ አበዱ። አባቴ ደግሞ ያን ዓመት ሠርጉ ይበዛል ብሎ፣ ሐጅ ሺሃብ ከሚባል ጅምላ ነጋዴ አርባ ጣቃ ሳቲን በዱቤ ወስዶ ነበር። አምስት የዕዳ ወረቀት ፈርሟል፤ በየወሩ አንድ አንድ ወረቀት ቀኑ ይደርሳል። እኔ ስለ ወረቀቶቹ የማውቀው እናቴና አባቴ ሲንሾካሾኩ የሰማሁትን ብቻ ነው።

«ሦስተኛው ቅዳሜ ይመጣል» አለ አንድ ቀን አባቴ፣ ሾርባው ላይ አፍጥጦ።

እንግዳ መሰለኝ። «እማዬ፣ ምን እናበስልለታለን?» አልኩ።

«የአባትሽን ጉበት» አለች እናቴ። ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች። ሽንኩርት ነው አለችኝ። ምድጃው ላይ ሽንኩርት አልነበረም።

ቤት ውስጥ አዲስ ጨዋታም ተጀመረ። የውጪው በር ሲንኳኳ ሁላችንም ባለንበት ድርቅ እንላለን። አባቴ ማንኪያውን እንዳነሳ፣ እናቴ ውሃ ልትቀዳ እንዳጎነበሰች፣ አክስት ናጅያ እግሯን የስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ እንዳደረገች። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ ተሸነፈ። አባቴ በዓይኑ ይጠቅሰኝና ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። በሩ ይንኳኳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይንኳኳል። የአባቴ ግንባር በዚያ ብርድ ላብ ችፍ ይልበታል፤ ሳቁን ለማፈን ሲታገል ነው ብዬ እኔም ሆዴን ይዤ እታገላለሁ። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ውጪ ቆሞ የነበረው የሐጅ ሺሃብ ዕዳ ሰብሳቢ እንደሆነ ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የእናቴ የእጅ አምባሮችም ድምፃቸው ተለወጠ። ስድስቱ የወርቅ አምባሮቿ ሲጋጩ ደስ የሚል ድምፅ ነበራቸው፤ አሁን እንደ ድስት ክዳን ይንኳኩ ጀመር፣ አንጓዋም አረንጓዴ ሆነ። «እማዬ እጅሽ ሻገተ!» ብዬ ስቄባታለሁ። ሁለተኛውን ወረቀት የከፈለው የእነዚያ አምባሮች ወርቅ ነው። ጎረቤት ባዶ እጇን እንዳያይ የናስ አምባር ገዝታ አድርጋ ነበር።

አባቴ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ሐጅ ሺሃብን ሳቲኑን መልሰህ ውሰድልኝ ብሎ ለመነው። «እኔ የሸጥኩልህ ጨርቅ ነው፤ አንተ የፈረምክልኝ ቀን ነው። ቀኑን አምጣ» አለው። ከእህቱ ከናጅያ ጋር ከአባታቸው በወረሱት ቤት ላይ ያለውን ድርሻ ሊሸጥ ዞረ፤ ዋጋው ግማሽ በግማሽ ወረደበት። የነብሩን ብርድ ልብስ ራሱ ላምጣና ልሽጥ አለ፤ ለዚያም ገንዘብ ያስፈልጋል። በየቀኑ ፂሙን ይላጫል፣ ጫማውን ያብሳል፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ አባቴ ዘነጠ አልኩ። የሚያሳድደውን ፍርሃት በዚያ ነበር የሚመክተው።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ።

አክስት ናጅያ የአባቴ ታናሽ ናት፤ አላገባችም፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ ለሰፈር ሴቶች ቀሚስ እየሰፋች ነው የምታድረው። ሦስተኛው ወረቀት ቅዳሜ ሊደርስ፣ የዚያው ሳምንት ሰኞ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እኔ ጆንያዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ፊቷን በጥቁር መሸፈኛ የጋረደች አንዲት ሴት ወደ ሱቁ ገባች። ሮማን የተሰፋበትን ቀዩን ልሃፍ ጠየቀች። አባቴ ዋጋ ነገራት። ከፈለች። በቃ ከፈለች! አንድ ቃል አልተከራከረችም። «ለሙሽራዋ የደስታ ይሁንላት እመቤቴ!» አለ አባቴ፣ መስመሩ ሁሉ እስኪሰማው። እኔ በርጩማዋን ሳስገባ ዓይኔ ጫማዋ ላይ አረፈ። የግራው ጫማ ማሰሪያ ተበጥሶ በሰማያዊ ክር ታስሯል። ያን ክር ያሰረችው አክስቴ ናት፤ መርፌ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ግራ ገባኝ። ናጅያ ለአንድ እፍኝ ሽንኩርት ግማሽ ሰዓት የምትጨቃጨቅ ሴት ናት! ቤት ስገባ ቀዩ ልሃፍ ከደረጃው ሥር ተጠቅልሎ አየሁት። በማግስቱ ጠዋት አባቴ በሱፍ ጆንያ አድርጎ ወደ ሱቅ ወሰደው። አራት ሰዓት ላይ ያቺው በጥቁር የተሸፈነች ሴት መጣች፣ ያንኑ ቀይ ልሃፍ ገዛች፣ ሄደች። ረቡዕም እንዲሁ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት፤ የስምንት ዓመት ጭንቅላት ያለውን ያህል አሰብኩ። ደረስኩበትም። አክስቴ ልሃፉን ትገዛለች፣ አንድ ሌሊት ትሞቅበታለች፣ ጠዋት መልሳ ገንዘቧን ትቀበላለች። አባቴ የዋህ ስለሆነ፣ እሷም ስለምትሸፈን አላወቃትም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። የተመለሰ ዕቃ ሽያጭ አይደለም። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሳይሸጥ፣ በርጩማዋን አስገብቻለሁ። ጎረቤቶቻችን የሚልኩልን ገዢ ወደ ሌላ ሱቅ የሄደው በእኔ ጥፋት ነው።

አባቴ ያን ሳምንት መሸጥ ብቻ ሳይሆን የሸጠ መምሰልም ነበረበት። ዕዳ ያለበት ነጋዴ በርጩማው እስከ ቀትር ደጅ ከዋለ ወሬው ከመስመሩ አልፎ ይሄዳል፤ አበዳሪ ሁሉ ሌላው ሳይቀድመኝ ብሎ ይመጣል። አባቴ የጎደለው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ልሃፍ ሊያሠራ ነው፤ ዕቃ ገዢው ሐሙስ መጥቶ ቀብድ ሊከፍል ነው። በዚያ ቀብድ ሦስተኛውም አራተኛውም ወረቀት ይከፈላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለልጅ ማን ይነግራል?

ሐሙስ ጠዋት ዕቃ ገዢው ኡስታዝ ራጊብ መጡ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው። አባቴ ሻይ አስመጣላቸው። ሱፉን በጣታቸው ዳበሱ፣ ስፌቱን ገልብጠው አዩ።

«ሥራውስ ሥራ ነው» አሉ። «ሲሶውን ቀብድ አሁኑኑ እከፍላለሁ። ግን አቡ ውዳድ፣ አይቀየሙኝ፤ የያዝኩት የሰው ገንዘብ ነው። ባለፈው ወር አንዱ ቀብዳችንን ተቀብሎ ሱቁን ቆልፎ ጠፋ። ገበያው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጌታዬ። ከየትኛውም ሰው ይጠይቁ» አለ አባቴ።

ይህን ሲል ያቺ በጥቁር የተሸፈነች ሴት ገባች። «ያ ቀዩ፣ ሮማን ያለበት፣ አለ?» አለች፣ የትልቅ ሰው ሚስት በሚመስል ድምፅ።

«አለ እመቤቴ! ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችው። ኡስታዝ ራጊብ ፈገግ አሉና እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አባቴ እኔን እንኳ ሳይጠብቅ ራሱ ሄዶ በርጩማዋን አነሳ። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ከጆንያው ላይ ዘለልኩ።

«አባዬ እንዳትሸጥላት! አክስት ናጅያ ናት! ጫማዋን እየው! ቀዩን ልሃፍ አራት ጊዜ ገዛችው፤ ሁልጊዜ ትመልሰዋለች!»

በርጩማዋን ከእጁ ነጥቄ ሮጥኩና ደጃፉ መሀል ላይ ዱብ አደረግኳት። «ገና ነው!» ብዬ ጮህኩ፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዲሰሙ። «አባቴ ዛሬ ገና ነው! ትናንትም አልሸጠም! ከትናንት ወዲያም!»

ሐጅ ቡርሃን የከሙን መስፈሪያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አክስቴ ልሃፉን አቅፋ፣ በመሸፈኛዋ ሥር ስትተነፍስ ይሰማኛል። ኡስታዝ ራጊብ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጡ። ሲወጡ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

«ብልህ ልጅ ናት፣ አላህ ያሳድግልዎ» አሉ። «እሑድ ብቅ እላለሁ።»

«ደጃችን ክፍት ነው» አለ አባቴ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። በርከክ አለ። እጁን ዘረጋ፤ ተፈትቶ የነበረውን የአንገቴን ቁልፍ ቆለፈልኝ። «ጎበዝ የኔ እናት» አለኝ። «ዓይንሽን ምንም አያመልጠውም።»

የዚያን ቀን ከሰዓት የሆነውን ነበር ለእንግዳ ሁሉ እያሞጋገስኩ የማወራው። መጀመሪያ ሐጅ ቡርሃን ራሳቸው እጃቸው ከሙን በከሙን እንደሆነ ተሻግረው መጡ። «ለልጅ ልጄ ልሃፍ ስፈልግ ነበር» አሉ። ልጃቸው ገና አላገባም። ከዚያ ሌሎቹ ልሃፍ ሰፊዎች የመጣላቸውን ገዢ ሁሉ ወደ እኛ መላክ ጀመሩ። በርጩማችን ገብታ እንኳ አላቆሙም። እስከ አስር ሰዓት ስድስት ልሃፍ ሸጥን፤ ስድስት! አባቴ ገንዘቡን ሳይቆጥር ወደ ኪሱ ይከታል። ደስታ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ መስመር የማንንም እጅ አይቶ አያውቅም ነበር። የስድስቱ ልሃፍ ዋጋ ደግሞ የሦስተኛውን ወረቀት ሩብ አይሞላም።

እሑድ ኡስታዝ ራጊብ አልመጡም። ከዚያ በፊትማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አባቴ ቁልፉን ሳያወጣ አራት ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁት፤ የሳቲኑ፣ የሱፉ፣ የክሩና የኪራዩ። አንዱ ሌላውን እየገፈተረ፣ «መጀመሪያ የእኔን!» ይል ነበር አሉ። በአስር ቀን ውስጥ ሳቲኑም፣ ሱቁም፣ የቤት ድርሻችንም ሄደ። የአክስቴን የስፌት መኪና አንድ ተሸካሚ በጀርባው ተሸክሞ ሲወጣ አየሁ። «ለጥገና ነው» አሉኝ። እሷም ደጅ ቆማ፣ «ቀስ በል፣ መርገጫዋ ይላላል» አለችው፤ መኪናዋን የተሰናበተችበት ቃል ይህ ነው።

አባቴ እዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ኑዕማን በሚባል ልሃፍ ሰፊ ዘንድ በቀን ሂሳብ ተቀጠረ። «አለቃነት ሰለቸኝ ውዳድዬ፤ አሁን መርፌዬን ብቻ ነው የማስበው» አለኝ። አመንኩት። እንዴት አላምነው? በር ሲንኳኳ መድረቅ ቀረ፣ ሾርባውንም እየጨረሰ መብላት ጀመረ።

ሳድግ ሱቁ የተዘጋው በነብሩ ብርድ ልብስ ምክንያት ነው አለኝ። ስለ አክስቴ ስጠይቀው፣ «ናጅያ ቀልድ ትወድ ነበር፤ ልትፈትንሽ ነው» ይለኛል። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ የሌላውን ልጅ ደብተር በቀይ እያረምኩ፣ ይህን ነገር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላሰብኩበትም። ጀግናዋ እኔ የሆንኩበትን ታሪክ ለምን እመረምራለሁ?

አንድ የኢድ ቀን፣ አባቴ ቤት፣ ለአማቾቼ ታሪኩን አወራሁ። ሲያልቅ የሻይ ብርጭቆ ሰብስቤ ወጥ ቤት ስገባ አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥባለች።

«ሠላሳ ዓመት» አለች፣ ሳትዞር።

«ምን ሆንሽ አክስቴ?»

«ሠላሳ ዓመት ሰማሁሽ። መኪናዬ ለጥገና አልሄደችም፣ ውዳድ።»

ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ስለ ወረቀቶቹ፣ ስለ አምባሮቹ፣ በር ስለሚያንኳኳው ሰው፣ ስለ ሁለት መቶው ልሃፍ፣ ከአባቴ ጋር ተማክራ በየቀኑ ስለገዛችው ቀይ ልሃፍና እሱ ማታ ማታ ስለሚመልስላት ያው ገንዘብ። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«አባትሽ በቁርዓን አስምሎኝ ነው» አለች። «‹ልጄ ይህን ካወቀች ሱቄ ሁለት ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው› አለኝ። ዛሬ መሐላዬን አፈረስኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንቺ ያን ቀን እያነሳሽ ስትስቂ ከዚህ በላይ መስማት አልቻልኩም።»

ብርጭቆዎቹን የት እንዳስቀመጥኩ አላስታውስም። ሳሎን ውስጥ አባቴ ሲስቅ ይሰማኛል። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የገዛ ውድቀቱን እያወራሁለት፣ እሱ እየሳቀልኝ ኖሯል! አፈርኩ፤ ከአጥንቴ ድረስ አፈርኩ። ለነፍሰ ገዳይ እንኳ ጥፋቱን ይነግሩታል።

ይቅርታ ልጠይቀው ቆረጥኩ። ቃላቱን በመንገድ ላይ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ሲጽፉ ለብቻዬ እያልኩ ተለማመድኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ሄድኩ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። አባቴ ጥግ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ ተቀምጧል፤ ሳንባው ከታመመ ሰንብቷል። ከጎኑ ሄጄ ተቀመጥኩና፣ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነው» አልኩት።

ፊቴን አየ። ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመችውን አክስቴን አየ። እሷ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ገባው።

«ንገሪን እንጂ!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «ልጄ አክስቷን እጅ ከፍንጅ የያዘችበትን ታሪክ ሰምታችኋል? አልሰማችሁም? ውዳድዬ፣ ንገሪያቸው። እንደ ድሮው አድርገሽ።» እጄን ያዘና ጨበጥ አደረገው።

ነገርኳቸው። ድምፅ ቀያየርኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ፣ ትንፋሼን የምውጥበት ቦታ ስደርስ ዋጥኩ፤ ያን ቀን ግን ለማሳመር አልነበረም። ሁሉም ሳቁ። መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር፣ ገና አፌን ከመክፈቴ፣ አንድ ሰው ጠርቶ ያቺን ታሪክ ያስነግረኛል፤ ለጎረቤት፣ መርፌ ሊወጋው ለሚመጣው ነርስ፣ ሰው ሲጠፋ ለእናቴ። አራት ዓርብ እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ዓርብ ቀበርነው።

ይቅር በለኝ ለማለት አንድ ወር ነበረኝ። አንድ ወር ሙሉ አሳቅኩት።